ሸራውን የቀደደው ነፋስ አይደለም

«ነፋስ ቀደደው።»

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሸራ ነገር ሲነሳ ውይይቱ የሚዘጋው በዚህች ቃል ነው። ጣሪያው የተገነጠለበት የቀን ሠራተኛ ይላታል። ሰሊጡ የረጠበበት ገበሬ ይላታል። ሸራውን ያከፋፈለውም ሲጠየቅ ይቺኑ ይመልሳል። ነፋስ ደግሞ አይከሰስም፣ ቀርቦም ቃሉን አይሰጥም። ስለዚህ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። በዓመቱ ሌላ ሸራ ይመጣል፣ ሌላ ነፋስ ይቀደዋል።

ዛሬ ለነፋሱ ጥብቅና ልቆም ነው። ሸራውን የቀደደው ሚስማር ነው፣ ቢላዋ ነው፣ በጥርስ የተነከሰች ጠርዝ ናት። ነፋሱ የተጀመረውን ጨረሰ እንጂ አልጀመረም። ከሚስማሩ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ፤ ሸራ አድሎ ማሰሪያ ያላደለ፣ ብዛት ቆጥሮ ዕድሜ ያልቆጠረ ሰው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን ገለጉ ላይ እንደሚከብድ እንነጋገር። ገለጉ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤቷ ነው፣ ሱዳን ደጃፏ ናት። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው፤ የሚያድረውም እርሻው ዳር በላስቲክ ዳስ ውስጥ ነው። ወባው አለ፣ ካላዛሩ አለ፣ የሐምሌ ዝናብ አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ያደረው በዚሁ ሸራ ስር ነው። ለቆላው ሰው ሸራ ጣሪያ ነው፣ ግድግዳ ነው፣ የሰሊጥ ማራገፊያ ነው፣ የጆንያ ልብስ ነው። ሸራ ሲቀደድ የሚቀደደው ዕቃ ብቻ አይደለም።

ቋራ ሲባል የካሳ ኃይሉን ስም እየጠራን የምንፎክር ሰዎች ሞልተናል። በካሳ አገር የሚያድር የቀን ሠራተኛ ጣሪያው በምን እንደታሰረ ግን አንጠይቅም።

*ሸራው ምንድን ነው?*

የረድኤት ሸራውን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። መሀሉ ጨርቅ ነው። ከጠንካራ ፖሊኢትሊን ተስበው በተሠሩ ጥቁር ክሮች፣ በድርና በማግ የተሸመነ ነው። ከላይና ከታች ደግሞ ለስለስ ያለ ፖሊኢትሊን ተለብጦበታል። ክሩ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ልባጩ ውኃውን ይከለክላል፣ ክሮቹንም አንድ ላይ ይይዛል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚያድለው መጠኑ 4 በ5 ሜትር ነው፣ የቀይ መስቀል 4 በ6 ሜትር። በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ይህ ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። አያቶቻችን ጭቃ ብቻውን እንደሚሰነጠቅ ስላወቁ ጭድ አቦኩበት። ጭዱ ይይዛል፣ ጭቃው ይሞላል። የአውሮፕላን ክንፍ የሚሠራበት ካርቦን ፋይበር፣ የጀልባና የመኪና አካል የሚሠራበት ፋይበር ግላስ፣ ይህ ሸራም በሐሳብ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ክር በፕላስቲክ ውስጥ ነው። አንዱ ጠንካራ ሰሌዳ፣ ሌላው እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ይሁን እንጂ፣ ሲወጠሩ የሚሞቱበት መንገድ ይመሳሰላል። ሁለቱም ከሽንቁር ይጀምራሉ።

*የአቡጀዲ ነጋዴው ምሥጢር*

አቡጀዲ ስትገዙ ነጋዴው ምን ያደርጋል? ሜትሩን ለክቶ ጠርዙን በመቀስ አንድ ጣት ያህል ይነክሰዋል። ከዚያ መቀሱን ያስቀምጥና በሁለት እጁ ይዞ ጭርር ያደርገዋል። እስኪ ሳይነክስ ይሞክረው! ጡንቻው ምንም ቢሆን አይቀደድለትም። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፣ ያው እጅ ነው። የተለየችው ያቺ የመቀስ ንክሻ ብቻ ናት።

ንክሻዋ የቆረጠችው ከሺህ ክር ጥቂቱን ነው። ታዲያ ጨርቁ ለምን በዚያው ልክ ጥቂት ብቻ አልደከመም? ምክንያቱም የተቆረጡት ክሮች ይሸከሙት የነበረው ሸክም አይጠፋም። ለሁሉም ክር እኩል አይከፋፈልም። አብዛኛው ከስንጥቁ ጫፍ ላይ ለቆመው ለቅርቡ ክር ይወርዳል። እሱ ሲበጠስ የራሱንም የሟቾቹንም ሸክም ለቀጣዩ ያስረክባል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እውነት ነው። ስንጥቅ ግን ድሮቹ እንዳያብሩ ያደርጋል። አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ እንዲገጥሙ ያስገድዳቸዋል። አንበሳውም አንድ በአንድ ይበላቸዋል።

ይህን ሰዎች በስሌት ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ጀርመናዊው ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 በተወጠረ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ቢኖር፣ በቀዳዳው ጎን ያለው ጫና ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። እንግሊዛዊው ኢንግሊስ በ1913 ቀዳዳው እየቀጠነና እየሾለ በሄደ ቁጥር ጫናው ከሦስት እጥፍም እያለፈ እንደሚሄድ አሰላ። ግሪፊዝ በ1921 መስታወት ላይ ሠርቶ፣ ስንጥቅ አራት እጥፍ ሲረዝም የመስታወቱ አቅም በግማሽ እንደሚወርድ አስረዳ። ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር ይወጣል፤ ጠርዝ ላይ ያለች የ1 ሳንቲም ሜትር ስንጥቅ፣ መሀል ላይ ካለች የ2 ሳንቲም ሜትር ስንጥቅ ጋር በጉዳት ትተካከላለች። ለዚህ ነው የሸራ ጠርዝ የሚታጠፈውና ገመድ የሚገባበት። ያንን ጠርዝ በቢላዋ የነካ ሰው የቤቱን ምሰሶ እንደነካ ይቁጠረው።

እዚህ ላይ «ክር ያለበት ነገርማ ከመስታወት ይሻላል» የሚል አለ። ልክ ነው፣ ይሻላል። ብረት በቀዳዳው ጫፍ ይለጠጥና ጫናውን ያካፍላል። ክር ያለበት ፕላስቲክ ደግሞ በራሱ መንገድ ይከላከላል። ስንጥቁ ክር ጋ ሲደርስ ክሩና ሙጫው ትንሽ ይላቀቃሉ፣ ስንጥቁ መንገዱን ይስታል፣ በክሩ ርዝመት ይሰነጠቅና ጫፉ ይደንዛል። ጨርቅ ውስጥም ክሮቹ ተንሸራትተው ይሰበሰቡና ተጋግዘው ይይዛሉ። የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ክርና ሙጫ ከመጠን በላይ ሲጣበቁ ዕቃው ለስንጥቅ ይበልጥ ይሰጋል። ክሮቹ መንሸራተት ስለማይችሉ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ፀሐይ የበላው ያረጀ ሸራ እንዲህ ነው። ክሩ ራሱ ተሰባሪ ሆኗል፣ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የሚያዝያ ፀሐይ አድርቆታል። ትናንት የያዘችው ያቺው ቀዳዳ ዛሬ አትይዝም።

የቀዳዳው መጠንም ዋጋ አለው። ዊትኒና ኑይስመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በጠንካራ የፋይበር ሰሌዳዎች ላይ ያስረዱት ይህንን ነው። በኪርሽ ስሌት ትንሹም ትልቁም ክብ ቀዳዳ ጫናውን ሦስት እጥፍ ያደርጉታል። በተግባር ግን ትልቁ ቀዳዳ ይበልጥ ያደክማል። ከትንሿ ቀዳዳ አጠገብ ያለው ከባድ ጫና የሚይዘው ጠባብ ቦታ ስለሆነ ጎረቤቱ ያግዘዋል። ትልቁ ቀዳዳ ጋ ግን የተጨነቀው ሰፈር ሰፊ ነው፣ ረዳት ሩቅ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» ለዛሬ ያስኬድ ይሆናል። ሚስማር የያዛት ትንሽ ቀዳዳ ግን በየነፋሱ እየተጎተተች ትረዝማለች፣ ትንሽ ሆና አትቀርም።

*ሒሳቡን እንሥራው*

ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የረድኤት ሸራ መለኪያ ሁለት ቁጥሮችን ይጠይቃል። አንደኛው የመወጠር አቅም ነው፤ 5 ሳንቲም ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቢያንስ 600 ኒውተን፣ በግርድፉ የ60 ኪሎ ሸክም መቻል አለበት። ሁለተኛው የመቀደድ አቅም ነው፤ የተጀመረ ቅዳጅ እንዲቀጥል ቢያንስ 100 ኒውተን፣ የ10 ኪሎ ሸክም ያህል መጠየቅ አለበት። ስንጥቅ የሌለበት ሸራና ስንጥቅ የጀመረ ሸራ ልዩነታቸው እዚህ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

አሁን ነፋሱን እናምጣ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ 20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ ፊት ለፊት ቢያርፍ ወደ 480 ኪሎ፣ አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ያሳርፍበታል። ሸራው በአሥር ሚስማር ተመትቶ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሚስማር 48 ኪሎ ይደርሰዋል። ቅዳጅ ከጀመረ ደግሞ ለመቀጠል 10 ኪሎ ይበቃዋል ብለናል። ውጤቱን እናንተው ጨርሱት።

ያንኑ ሸራ፣ በዚያው ነፋስ፣ ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች በእንጨት ጠፍር አድርጋችሁ ብትይዙትስ? 480 ኪሎው በ10 ሜትር ርዝመት ላይ ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ 5 ሳንቲም ሜትር 2 ኪሎ ከግማሽ እንኳ አይደርስም። ግርድፍ ስሌት ነው፤ በደንብ የተወጠረ ሸራ ከዚህ ጥቂት እጥፍ ሊጨነቅ ይችላል። ቢሆንም ከ60 ኪሎው በጣም ይርቃል። ነፋሱ አልተለወጠም፣ ሸራውም አልተለወጠም። የተለወጠው አያያዙ ነው።

እንግዲህ ማን ቀደደው?

*ቦሌና ገለጉ*

በዚችው አገር ውስጥ ክርና ፕላስቲክ ተከብሮ የሚኖርበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሹ እንዲህ ዓይነት የፋይበር ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ከእነዚህ አንዱ ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው ባትሪ በተነሳ እሳት የጀርባው ቆዳ ተቃጠለ። ዓለም ሁሉ ጥያቄ አነሳ፤ መርማሪ ተሰማራ፣ ጥገናው ወራት ፈጀ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ወደ ሥራ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሲጎዳ ባለሙያው የተጎዳውን ቆርጦ ቀዳዳ አድርጎ አይተወውም። ዙሪያውን በሰፊው፣ ቀስ እያለ በሚሳሳ ተዳፋት ይሞርደውና ንብርብር በንብርብር ይሞላዋል። ለምን? ሹል ጫፍ እንዳይቀር ነው። በዚያ ቆዳ ላይ ያለ ፈቃድና ያለ ሰነድ አንዲት ቀዳዳ የሚበሳ የለም።

የአውሮፕላንና የዳስ ኃላፊነት አንድ ነው አላልኩም። እውቀቱ ግን አንድ ነው። ቦሌ ላይ «ይህ ቀዳዳ የት ነው? ቅርጹ ምን ይመስላል? ውጥረቱ በየት በኩል ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ገለጉ ላይ «ስንት ሸራ ታደለ?» ብቻ ነው የሚጠየቀው። ያው እውቀት ለቲኬት ከፋዩ ሲደርስ ለቀን ሠራተኛው ያልደረሰው ከብዶ አይደለም። የሚያደርሰው ስለጠፋ ነው።

*ለሚነሱ ሦስት መልሶች*

አንደኛው «ሸራው ራሱ አልባሌ ነው» የሚለው ነው። አዎ፣ ገበያ ላይ ሳስቶ የተሠራ ብዙ አለ። ግን እናስተውል፤ ጥራት የሌለው ሸራ ለሽንቁር ይበልጥ ይሰጋል እንጂ ያለ ሽንቁር በየሜዳው አይቀደድም። የእናንተን ሸራ ሄዳችሁ እዩት። ቅዳጁ ከየት ጀመረ? አብዛኛውን ጊዜ ከሚስማር፣ ከጠርዝ ወይም ከስፌት ጀምሮ ታገኙታላችሁ። ገዢው መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም። ጨረታው ላይ ስፋትና ክብደት ብቻ ጽፎ የመቀደድ አቅምን፣ በፀሐይ ከቆየ በኋላ የሚቀረውን ጉልበት ካልጠየቀ፣ የመጣለት ዕቃ ራሱ የጠየቀው ነው።

ሁለተኛው «ድሃ ሰው በምን ይሰር?» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ያናድደኛል፤ ድህነትን ለስንፍና መሸፈኛ ያደርገዋልና። አንድ ለስላሳ ጠጠር ወይም የጭቃ ድቡልቡል ከሸራው ስር አድርጉ፣ ሸራውን ጠቅልሉበት፣ አንገቱን በገመድ እሰሩት። አንድም ክር አልተበጠሰም፣ ውጥረቱ ዙሪያውን ተከፋፈለ። ዋጋው? ጠጠር። ሚስማር የግድ ከሆነ ቀጭን እንጨት በርዝመቱ አድርጋችሁ በእንጨቱ ላይ ምቱት። እንጨት ከጠፋ ቆርኪ ከሚስማሩ ራስ ስር ይግባ፤ ቆርቆሮ ሲመታ የምናውቀው ብልሃት እኮ ነው! ሮንዴላ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው ደግሞ ከባዱ ነው። «ሰው በጥይት በሚሞትበት፣ መንገድ በተዘጋበት አገር ስለ ሚስማር ቀዳዳ ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። መንገድ የተዘጋበት አገር ማለት ሁለተኛ ሸራ የማይመጣበት አገር ማለት ነው። ሰላም ባለበት የተቀደደ ሸራ ይተካል። ገለጉ ላይ በሐምሌ የተቀደደ ሸራ እስከ መስከረም እንደተቀደደ ነው። ጦርነቱን ማቆም በእኔና በእናንተ እጅ ላይሆን ይችላል። ሚስማሩ ግን በእጃችን ነው።

*ምን ይደረግ?*

ለሚያድሉት፦ ከሸራው ጋር ገመድ አድሉ። ከገመዱ ጋር አንድ ገጽ ሥዕል ጨምሩ፤ ጠጠሩ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጠርዝ ለምን እንደማይነካ የሚያሳይ ይሁን፤ በአማርኛም በአረብኛም፣ ላላነበበም በሥዕል። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ «ስንቱ ቆሟል?» ብላችሁ ቁጠሩ። ያደላችሁትን ብቻ ቆጥራችሁ የምታቀርቡት ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

ለባለሀብቱ፦ ሠራተኛህ የሚያድርበትን ሸራ የሰሊጥ ማራገፊያው ካረጀ በኋላ አትጣልለት። ለሰሊጥ የማይሆን ቀዳዳ ለሰው እንዴት ይሆናል? ሰሊጥህ በሽንቁር ሲፈስ ጎንበስ ብለህ ታያለህ፤ ዝናቡ በሽንቁር ሲገባም ጎንበስ ብለህ እይ።

ለሚጠቀምበት ወገኔ፦ ሸራ ሲበዛ ቆርጣችሁ አትጣሉ፣ እጠፉት። ለበር ብላችሁ በቢላዋ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አታውጡ፤ ሁለት ሸራ አደራርባችሁ በሩን በመደራረቢያው አድርጉት። የግድ መቆረጥ ካለበት የስንጥቁን ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ጨርሱት፤ ክብ ጫፍ ከሹል ጫፍ ይምራል። በጋለ ብረት መብሳት ክብ ቀዳዳ ይሰጣል፣ ነገር ግን እሳቱ በዙሪያው ያሉትን ክሮች ጉልበት ስለሚያሳጣ ውጥረት ያለበት ቦታ ላይ አታድርጉት። የተቀደደ ሲሰፋ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት በአንድ መስመር አትስፉ። የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆናሉ፣ በቀላሉ ይገነጠላል። ሰፋ ያለ እራፊ፣ ማዕዘኑ የተከበበ፣ ከሁለቱም በኩል አድርጋችሁ በራቅ ራቅ ያለና ባልተሰለፈ ስፌት ያዙት። ሸራውም እንዲውለበለብ አትተዉት። የሚውለበለብ ሸራ በየደቂቃው ያንኑ ቦታ ይመታዋል። በእኩል ይወጠር፣ በእኩል ይያዝ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም፣ የሚኒስትር ፊርማም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጉዳትን በትልቅነቱ ብቻ መለካት ማቆም ነው። «ቀዳዳው ትንሽ ናት» አትበሉን። የት ናት? ጫፏ ሹል ነው ወይስ ክብ? ማን ነው የሚጎትታት? ከዚህ በኋላ «ነፋስ ቀደደው» የሚል ሪፖርት ያቀረበልን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ በምን አስረህ ነበር?

ክረምቱ ሳይገባ ይህን ጽሑፍ ቆላ ላይ ዘመድ፣ ሠራተኛ ወይም ወዳጅ ላለው ሁሉ አድርሱልኝ። የማያነብ ካለ ጠጠሩን አስራችሁ አሳዩት፤ እሱ ይበቃል።